መርፌው የሚያዝበት ቦታ

«በላብሽ እንዳትነኪው! መጀመሪያ እጅሽን ጥረጊ።»

ጸሎት መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። አስናቀ ፋብሪካ ውስጥ ትልልቅ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ሰው ነው። አዲሱን የሸክላ ማጫወቻ ግን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ከካርቶኑ አወጣው።

ካርቶኑ አልጋ ሥር ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እናቷ አገርነሽ «መርፌው የማይያዝ ደህና ማጫወቻ ሳይኖረኝ እንዳልሞት» እያለች ትቀልድ ነበር። አስናቀ ቀልዷን ከምር ወስዶ አዘዘላት፤ ዕቃው ባሕር ዳር የደረሰው ከቀብሯ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በሐዘን ቤት ደግሞ ዘፈን አይከፈትም። ሬዲዮው እንኳ ጨርቅ ተጥሎበት ከረመ። ያለፈው እሑድ የሙት ዓመቷ ተዝካር ወጣ፤ አባትና ልጅ ጥቁራቸውን አወለቁ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ካርቶኑ ተከፈተ።

አሮጌው ማጫወቻ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አስናቀ ለሙኒር አጎት ሰጥቶታል። ሙኒር የጸሎት የክፍል ጓደኛ ነው፤ አጎቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት አለው፣ አሮጌ ዕቃ መደርደር ይወዳል። ሙኒር ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጥቶ ሊወስደው ነው።

«የትኛውን እናስቀድም?» አላት አባቷ። ለወጉ ያህል ጠየቀ እንጂ ሁለቱም ያውቁታል። እናቷ ስትዳር ከቆላ ድባ ይዛው የመጣችው ሸክላ ነው።

ያ ሸክላ የተጫረ ነው። አሮጌው ማጫወቻ ላይ መርፌው ጭረቱ ጋ ሲደርስ ይያዝና «ጭር አለ… ጭር አለ… ጭር አለ…» እያለ እዚያው ይረግጣል። ጸሎት ሮጣ የመርፌውን ክንድ በጣቷ ገፋ ስታደርገው ወደ አዝማቹ ይዘላል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህ የእሷ ሥራ ነበር። እስክትደርስ ድረስ እናቷ ከወጥ ቤት ሆና ስንኙን ትጨርሰዋለች፦

«ታንኳው ሁሉ ገባ፣ ሐይቁ ጭር አለ፣
ግቡ እናንት ልጆች፣ ራቱ በሰለ።»

አገርነሽ ድምፀ መረዋ አልነበረችም። እንዲያውም ስትዘፍን ድመቷ ቤቱን ጥላ ትወጣ ነበር። ቢሆንም ጸሎት ዛሬን የጠበቀችው ለዚያች ስንኝ ስትል ነው። የእናቷን ድምፅ ባታገኝ፣ የእናቷን ቃል ዘፋኟ ስትለው ትሰማለች።

አባቷ ክንዱን ቀስ አድርጎ አወረደው። የዘፋኟ ትንፋሽ እንኳ ጥርት ብሎ ተሰማ። ጭረቱ ሲቃረብ ጸሎት ሳታስበው ብድግ አለች። መርፌው ግን አንዴ ጠቅ አለና አለፈ።

«ታንኳው ሁሉ ገባ፣ ሐይቁ ጭር አለ፣
የኔ ሰው ብቻ ነው ማዶ የዋለ።»

ጸሎት በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ራት የለም፤ ልጆች የሉም። ያቺ ስንኝ የዘፈኑ አልነበረችም። እናቷ ሽንኩርት እያቁላላች ከራሷ ያወጣቻት ነበረች። አሁን ይህ ውድ ዕቃ ረግጧት አለፈ።

«አየሽ? አልያዘም!» አለ አስናቀ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «እንዴት ነው?»

«አሪፍ ነው» አለች። ዋሸች። እናቷ የተመኘችውን አምጥቶ፣ በምን አንደበቷ ትንቀፍበት?

በሩ ተንኳኳ። ሙኒር ነው። «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? አጎቴ ልኮኝ ነው። ጸሊ፣ ምን ሆነሻል?»

«ቆይ፣ አንዴ ልክፈተው።»

ሸክላውን ከአዲሱ አንሥታ አሮጌው ላይ አደረገችው። «ጭር አለ… ጭር አለ…» ሲል አልሮጠችም። ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞራ ጠበቀች። አስናቀም ወደዚያው ዞረ። «ጭር አለ… ጭር አለ… ጭር አለ…» ከወጥ ቤት የመለሰ የለም። ሙኒር ነገሩ ባይገባውም በሩ ላይ አቀርቅሮ ቆመ። በመጨረሻ ክንዱን ያነሣው አባቷ ነበር።

«እኔም የዘፈኑ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማሁት። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።»

«አባዬ፣ ቅድም ዋሽቼህ ነው። አሪፍ አይደለም። እማዬን ዘለላት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ከፈለግሽ ሙኒርን ይቅርታ እንበለውና አሮጌው እዚሁ ይቅር።»

ጸሎት አሮጌውን ማጫወቻ አየችው። እናቷ እዚያም ውስጥ የለችም። ገመዱን ጠቅልላ ለሙኒር አስታቀፈችው።

«ክዳኑን ያዝ አድርገው፣ ማጠፊያው ይነቀላል» አለችው።

ሙኒር ሲሄድ አስናቀ ሽሮውን ሊጥድ ወጥ ቤት ገባ። ዓመቱን ሙሉ የሚያበስለው እሱ ነው። ጸሎት ሸክላውን አዲሱ ላይ መልሳ ከመጀመሪያው አስነሣችው፤ ጣቷንም የድምፁ መጨመሪያ ላይ አሳረፈች። ዘፋኟ «ሐይቁ ጭር አለ» እንዳለች ድምፁን ፈጽማ አጠፋችው። የእናቷን ስንኝ ልትል አፏን ስትከፍት ግን ተቀደመች።

«ግቡ እናንት ልጆች…» አለ አባቷ ከወጥ ቤት፣ ዜማው ጠፍቶበት። መጨረስ አቃተው።

«ራቱ በሰለ» አለች ጸሎት።

ከዚያ ድምፁን መልሳ ከፍ አደረገችው። አዝማቹ ተጀምሮ ነበር።