የሁለት ጾመኞች ሱቅ

«እትዬ አገሬ፣ ንጉሡን ገደሉት!»

«የትኛውን?» አለች አገሬ፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ። «ያን ፀጉረ ረጅሙን ከሆነ ላጭተው ገዳም አስገቡት እንጂ አልገደሉትም። እሑድ አብረን አይደል የሰማነው?»

«የፍራንኮቹን አይደለም! የእኛን! አጎቴን!» ባየሽ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

በሲያትሉ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ውስጥ «ንጉሡ» የሚባሉት አቶ ሀይለየሱስ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ የባልትና ሱቅ ባለቤት። ፍራንኮች የተባሉትን የጥንት የፈረንሳይ ነገሥታት ታሪክ በአማርኛ እየጻፉ በየእሑዱ ለጎረቤት ያነባሉ። ጎረቤቱ የሚመጣው ለንጉሥ ክሎቪስ ይሁን ለነፃው ቆሎ ግን ተጣርቶ አያውቅም። አገሬ ደግሞ ሆሳዕና ከተማ ሳለች የፖሊስ መርማሪ፣ ሲያትል ከገባች ወዲህ የፓርኪንግ ጠባቂ ናት። ሥራዋ ቢቀየርም ዓይኗ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኦገስት፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ ሱቁ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል። ፖሊሶቹ ስላላሳለፏት ከደረጃው አናት ሆና ምድር ቤቱን ቁልቁል አየች። የተሰበረ ስኒ፤ የፈሰሰ ወተት። ነጭ፣ እንደ ኖራ ነጭ።

«ከደረጃው ገፍትሮ የጣላቸው ሰው አለ ይላሉ» አለች ባየሽ። «ሳሊሕን ሊወስዱት ነው።»

ሳሊሕ ሱቁን ለዐሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ እየከፈተ ሲዘጋ የኖረ ሠራተኛ ነው። ባየሽ ባሳየቻት የንጉሡ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ፍራንኮች መንግሥቱን ለልጆቻቸው እየቆረሱ ተባሉበት። ፔፒን ግን የቤተ መንግሥት አዛዥ ሆኖ ሠርቶ ነገሠ። እኔም ሱቄን አልቆርስም፤ ለሠራው ለሳሊሕ ነው። ሰኞ እንፈራረማለን።»

«ይኼን ለፖሊሶቹ ማን ተረጎመላቸው?» አለች አገሬ።

«ዘካሪያስ፣ ወንድሜ። ከሚኖርበት ከሬድመንድ መጥቶ ነበር። ‹ሱቁ ለሳሊሕ ነው› የሚለውን ብቻ ነገራቸው።»

አገሬ ዘካሪያስን ለብቻው ያዘችው።

«ዐሥር ሰዓት ላይ ተሰናብቻቸው ስወጣ ሳሊሕ ሻይ በወተት ይዞ ገባ» አላት። «‹ተባረክ› ብለው ፉት አሉ። ሶ፣ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ሁሌም በዚያ ሰዓት ያመጣላቸዋል።»

ሳሊሕ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ከኋላ በር ጤፍ እያወረድኩ ነበር። ምንም አላመጣሁላቸውም» አለ።

«አንቺስ፣ ባየሽ?»

«ዋይት ሴንተር ሰፈር፣ ፀጉር ቤቴ ውስጥ የሰው ፀጉር ይዤ ነበር» አለች ባየሽ። «ሱቁ ተሽጦ እንድንካፈል እኔም ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ግን አጎቴን...»

አገሬ ወደ ሱቁ ጓዳ ገብታ የሻይ ማፍያውን ፈለገች። ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቷል። ፍሪጁንም ከፍታ አየች፤ ውስጡ ያለውን ሳትነካ ዘጋችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሦስቱንም ከሁለቱ ፖሊሶች ጋር ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች።

«ዘካሪያስ፣ ዛሬ ምን ጾም ነው?»

«አይ ዶንት ኖው። ምን ያገናኘዋል?»

«ፍልሰታ ነው። ረመዳንም ነው። ዘንድሮ ተገጣጥመዋል። አጎትህ ወተት አይቀምሱም፤ ሳሊሕ እስኪያፈጥር ድረስ ደግሞ ውሃም ፊቱ አይጠጡም ነበር። ማፍያውን ከሰቀሉት ሰንብቷል። አንተ በወር አንዴ ብቅ ስለምትል፣ የምታውቀው የሌላውን ጊዜ ሻይ ነው።»

ዘካሪያስ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ።

«ሻይ በወተት ቢፈስ ቡናማ ነው። የፈሰሰው ግን ባዶ ወተት ነው፤ ሳሊሕ አመጣ ለማስባል አንተ ያፈሰስከው። ፍሪጁ ውስጥ ከሚሸጠው ወተት አንዱ ተከፍቷል፤ አሻራውን እነዚህ ያንሡት። ‹ሰኞ እንፈራረማለን› የሚለውንስ ለምን ሳትተረጉም ዘለልከው? ሳሊሕ እስከ ሰኞ ቢቆዩለት ሱቁን ያገኝ ነበር። ከሰኞ በፊት መሞታቸው የሚጠቅመው ለማን ነው?»

«ገጹን አነበቡልኝ» አለ ዘካሪያስ በመጨረሻ። «እየሳቁ! ለሱቅ ጠባቂ! ከሱቁ ሊገፉኝ ነው... እኔ ገፋኋቸው።»

ባየሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አገሬ ቃሉን ተርጉማላቸው ፖሊሶቹ እጁን ሲያስሩት፣ ዘካሪያስ ወደ ሳሊሕ ዞረ።

«ውሉ አልተፈረመም፣ ሰማህ? ሱቁ አሁንም የእኛ ነው!»

ፀሐይ ጠልቃለች። ሳሊሕ አንዲት ቴምር ከሳጥን አንሥቶ መዳፉ ላይ ትንሽ አገላበጣትና መልሶ አስቀመጣት።

«እሺ» አለ። «ነገ ጠዋት ማን ይከፍተዋል?»