የካርዱ ጀርባ

ሟቿን ያገኟት የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ግንባሯን ደፍታ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ነው። ቀኝ እጇ ሥር ያላለቀ ካርድ አለ፤ መርፌው ገና ከክሩ ጋር ተንጠልጥሏል። ከሩቅ ላያት ሥራ ላይ እንቅልፍ የጣላት ትመስላለች፤ ጠጋ ሲሉ ግን ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር በደም ተጣብቆ ደርቋል።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ጡረታው ደርሷል፣ እግሩ ያብጣል፣ ሬሳ ማየትም ሰልችቶታል። ሰልችቶታል ማለት ለምዶታል ማለት አይደለም፤ ለምዶት ቢሆንማ ባልሰለቸው ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ወጣቱ ምክትሉ። «ቤቱ ውስጥ ያደረችው ሟቿ ያሳደገቻት ልጅ ብቻ ናት። በር አልተሰበረም፣ ዕቃ አልጠፋም። ልውሰዳት?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቁጭ በል እስቲ።»

ሟቿ ካርድ ሠሪ ነበረች፤ የልደት፣ የሠርግ፣ የእንኳን ደስ አለህ። ወፍራም ወረቀት ላይ ሥዕሉን መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ትወጋዋለች። ከዚያ በቀዳዳዎቹ ባለቀለም ክር እያሳለፈች ትሞላዋለች። ሲያልቅ ከፊት ለፊት ያየው ሰው ጥልፍ እንጂ ወረቀት አይለውም። ጀርባውን ደግሞ ሌላ ወረቀት ለጥፋ ትሸፍነዋለች።

መርማሪው ጀርባቸው ገና ያልተሸፈነ ካርዶችን ከመደርደሪያው አንሥቶ አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ከዚያ ከሟቿ እጅ ሥር ያለውን አንሥቶ ገለበጠ። ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ሄዶ ካርዱን ብርሃን ላይ ያዘና ብዙ ቆየ። ሲመለስ ድካሙ ፊቱ ላይ ብሶ ይታያል።

«ምን አዩ?» አለ ምክትሉ።

«ገና ነው። ይልቅ ያንን የወረቀት መቁረጫ ብረት እየው። ሁለመናው በወረቀት ብናኝ ተሸፍኖ አንዱ ጥጉ ብቻ ተወልውሏል። የወደቀችው እዚያ ነው። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነው ያስቀመጣት።»

«እኮ ልጅቷ!»

መርማሪው ወደ ሳሎን አለፈ።

ልጅቷን ሰፈሩ «ጭምቷ» ይላታል። ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች።

«ከማታ ትምህርት ስመለስ፣ መሸት ሲል፣ የእትዬን እህት በር ላይ አገኘኋት። ‹ሥራ ላይ ናት፣ እንዳትረብሻት› አለችኝ። እትዬ በር ዘግታ ከሠራች አይገባም፤ የቤቱ ሕግ ነው። ገብቼ ተኛሁ።»

«መብራት አላየሽም?»

«በርቶ ነበር። ሁሌም እያመሸች ነው የምትሠራው።» አንገቷን ደፋች። «ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። እኔን ቢወስዱኝ ማን ይቀብራታል?»

በሟቿ እጅ ያደገችን ልጅ በሟቿ ሞት መጠርጠር መርማሪውን ከበደው።

ጋሽ ካርቶን ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዟዙራል። ወረቀት ሻጭ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም እንዲህ ይለዋል።

«ትናንት እህቷን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «እናታቸው ከሞተች ወዲህ አይነጋገሩም። ነፍሷን ይማርና ታላቂቱን ‹በሰላም ተነጋገሩ› ስላት ‹ዝም አይነቅዝም› ትለኛለች። እሺ አሰኝቼ አገናኘኋቸውና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ትቻቸው ወጣሁ። ያስታረቅኩ መስሎኝ።»

«ስትወጣ ካርዱ ምን ላይ ነበር?»

«አበባ ነገር ጀምራለች፤ አንዲት የአበባ ቅጠል ብቻ ሰፍታ ነበር። ዛሬ ሳየው አበባው ሙሉ ነው። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸው ለአንዷ ቅጠል ስንት ጊዜ እንደምትፈጅ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ምክትሉ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለዚህ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ስትሠራ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለችው...»

«ሰምቻለሁ» አለ መርማሪው።

የሟቿ ታናሽ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ጣቶቿ ፈጣን፣ መርፌ የሚገፋው ጣቷ ጫፍ የጠጠረ። አታለቅስም፤ ድካም ብቻ ነው ፊቷ ላይ ያለው።

«እናታችን ስታጣጥር እህቴ ሳትጠራኝ ቀረች» አለች። «የደረስኩት ከቀብር በኋላ ነው። ትናንት ‹ለምን?› ስላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ‹ይህን ልጨርስ፤ ከዚያ እናወራለን› አለችኝ። ጥያት ሄድኩ።»

«ወዲያው?»

«ትንሽ አልቅሼ።»

«ምን ነበር የምትሰፋው?»

«አበባ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ሬሳው ከወጣ በኋላ፣ መርማሪው ሁሉንም የሥራው ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ከመደርደሪያው ቀድሞ የተወጋ ባዶ ካርድ አወጣና መርፌና ክር ጨምሮ ለእያንዳንዳቸው ሰጠ። ከሟቿ ዕቃዎች መሃል ያገኘውን የማጣበቂያ ፕላስተር መሃላቸው አስቀመጠ።

«እያንዳንዳችሁ አንድ ቅጠል ስፉልኝ።»

«እኔ የምሸጠው ወረቀት ነው እንጂ...» አለ ጋሽ ካርቶን። ቢሆንም ክሩን እየላሰ መርፌው ቀዳዳ ላይ አነጣጠረ፤ ሳይሳካለት ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ጣለው። ጭምቷ ክሯን አሳለፈች፣ ካርዱን ገለበጠች፣ የክሩን ጭራ ጀርባው ላይ በቁራጭ ፕላስተር አጣበቀች፤ ከዚያ ቀስ እያለች መስፋት ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ የክሩን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ቋጠረች፣ ሰካች፣ ሳበች። ወረቀቱ ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ላይ ተቀደደ። እጇ ግን አልቆመም።

«በቃችሁ» አለ መርማሪው፤ ድምፁን አላነሣም። «ወረቀት ላይ የሚሰፋ ሰው አይቋጥርም። ቋጠሮ ጀርባው ላይ ያብጥና የሚለጠፈውን ወረቀት ያሳብጠዋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ካርዶች በሙሉ ጀርባቸው ፕላስተር ነው። እዚህ ቤት ያደገችው ልጅም ያንኑ ታውቃለች።» የሟቿን ካርድ ገልብጦ አሳያቸው። «ይህች አንዲት ቅጠል ፕላስተር አላት፤ ጋሽ ካርቶን ያያት ቅጠል ናት። ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ቋጠሮ፣ ሁሉም እንደ ጨርቅ ተስበው ወረቀቱን የቀደዱ። ቁርጥማት የያዘው ጣት እንዲህ አይስብም። ጨርቅ የለመደ እጅ ነው።»

ምክትሉ ጠጋ ብሎ ቋጠሮዎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«አስታራቂው ሲወጣ ፀሐይ ነበረች፤ ልጅቷ በር ላይ ስታገኝሽ መሽቷል» አለ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ። «በመካከሉ ሬሳ አጠገብ ተቀምጠሽ ሰፋሽ። እሷ ብትሠራው ሌሊቱን የሚፈጅባትን፣ አንቺ ቶሎ ጨረስሽው። ሰው ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ነበረች እንዲል።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ልገድላት ብዬ አልነበረም» አለች። «ሌላ ቀለም ክር ልታመጣ ወደ መስኮቱ ተነሣች። አሁንም ጀርባዋን ሰጠችኝ። ‹እይኝ› ብዬ ትከሻዋን ይዤ ገፋኋት። ብረቱ ላይ ወደቀች።» ወደ ጭምቷ ዞረች። «አንቺ ላይ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም። እውነቴን ነው። ዛሬ ጠዋት ስሰማ ደግሞ ምላሴ ታሰረ።»

ጭምቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሽ ካርቶን ጠጋ ብሎ፣ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ ባርኔጣውን እቅፏ ውስጥ አስቀመጠላት።

መርማሪው እዚህ ላይ ቢያበቃ ይወድ ነበር። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

«ነይ ወደዚህ» አላት ልብስ ሰፊዋን።

ካርዱን መስኮቱ ላይ ያዘላት። ከተሰፋው በታች፣ ባዶ ይመስል በነበረው ነጭ ወረቀት ላይ፣ የተወጉት ነጥቦች በብርሃኑ አንድ በአንድ በሩ። ሁለት ልጆች። ትልቋ የትንሿን እጅ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ወደ ላይ ወጥቶ ከተሰፉት ቅጠሎች ጋር ይገናኛል።

«ይህ አበባ አይደለም» አለ። «ጃንጥላ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ካርዱ አነሣችና ሳትነካው ተወችው።

«አንድ ጃንጥላ ነበር ያለን» አለች። «ትምህርት ቤት ስንሄድ። ለእኔ ታጋድልና እሷ ትበሰብስ ነበር።» ወደ መርማሪው ዞረች። «ለምን በአፏ አልነገረችኝም?»

«አፍ አልነበራትም መሰለኝ። ይህን ልጨርስ አላለችሽም?»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ምክትሉ ካቴናውን አውጥቶ ነበር፤ መርማሪው በእጁ ምልክት አቆመው። ሟቿ የተቀመጠችበትን ወንበር ሳበላትና ልቅሶዋ እስኪያባራ ድረስ ካርዱን ብርሃኑ ላይ እንደያዘ ቆመ።