የተከደነው መስታወት

የዶክትሬት ተማሪዋ የተገኘችው ከቴሌስኮፑ ሥር፣ ከብረት መሰላሉ ግርጌ ሞታ ነው። ጠዋት ያገኛት አብሯት የሚማረው ብሎን ነው፤ መፍቻ ከኪሱ ስለማይጠፋ የወጣለት ስም ነው። መርማሪው ጉልበቱን እየረገመ የማማውን ደረጃ ወጥቶ ሳይጨርስ «ራሷን ጣለች» የሚለው ወሬ ቀድሞ ተቀበለው።

የወሬው ባለቤት አማካሪዋ ፕሮፌሰር ነበሩ። «ጥናቷ አልሄድላት ብሎ ተጨንቃ ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ታላቅ ወንድሟ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «እህቴ ራሷን አትጥልም። እናታችን ይህን ከሰማች አትተርፍም። እባክዎ፣ ምንም ይሁን ምን እውነቱን ይንገሩኝ።»

የሰውየው ነገር የመርማሪውን አንጀት በላው። ቢሆንም ቃል ለመግባት አልቸኮለም፤ ዞር ዞር ብሎ ክፍሉን አየ። ሌሊቱን ዝናብ ሲያወርደው አድሯል፤ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። ጉልላቱ ተዘግቷል፤ ትልቁ የቴሌስኮፕ መስታወት በክዳኑ ተሸፍኗል። ከመሰላሉ አናት፣ ቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመችው ካሜራ ብቻ አሁንም ትሠራለች።

«ምን እያነሳች ነው?»

ብሎን ኮምፒውተሩን አየ። «ጨለማ። መጀመሪያ ኮከቦች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ብቻ።»

«ማን ገጠማት?»

«እኔና እሷ፣ በዚህ ወር። ሌላ ሰው አያውቃትም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ካሜራዋን አጥፍተን ነው ጉልላቱን የምንዘጋው።»

«ጥናቷስ ስለ ምን ነበር?»

ብሎን ድምፁን ቀነስ አደረገ። «የፕሮፌሰርን ስም ያስጠራው ፕላኔት ላይ። ስትለካው ኮከቡ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ አረፈው። ፕላኔት የሚባል ነገር የለም። ትላንት ልትነግራቸው ነበር።»

መርማሪው ወደ ፕሮፌሰሩ ተመለሰ። «ይህ መስታወት ውድ ነው መሰለኝ?»

የፕሮፌሰሩ ፊት በራ። «በወጣትነቴ በገዛ እጄ ያለሰለስኩት ነው! ዝናብ ካገኘው አለቀለት። ዛሬ ግን አርጅቻለሁ፤ እዚህ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሦስቱንም ከቴሌስኮፑ ሥር ሰበሰባቸው።

«እየሠራች ወድቃ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረ፣ «ጉልላቱ እንደተከፈተ ያድርና ዝናቡ ይገባ ነበር። ዘግታ ራሷን ጥላ ቢሆን ደግሞ መጀመሪያ ካሜራዋን ታጠፋ ነበር። ስለዚህ የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ብሎን የገጠማትን ካሜራ አይረሳም። ወንድሟ ጉልላቱ በምን እንደሚዘጋ እንኳ አያውቅም። ለመስታወቱ የሚሳሳ፣ ካሜራዋን ግን የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ፕሮፌሰሩ መሰላሉን ያዙ። «አልገፋኋትም! ይቅርብሽ፣ አታሳትሚው ብዬ እጇን ያዝኩ። ላስለቅቅ ስትል ከመሰላሉ ላይ እግሯ አዳለጣት።»

«ወዲያው ነው የሞተችው?» አለ ወንድሟ።

መርማሪው አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የነገረውን ያውቃል። መናገሩ ከበደው፤ ግን ምንም ይሁን ምን እውነቱን ይንገሩኝ ብሎ የለመነው ይኸው ሰው ነው። «አይደለም» አለ። «ብዙ ቆይታለች።»

ወንድሟ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ። «ስትተነፍስ አይተዋታል?»

ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው የተዘጋውን ጉልላት አዩ።

«ደመናው እየመጣ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ መስታወቱን ልክደን ብዬ…»