የመራጮቹ ጋሪ ነጂ

በሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ ከጌታው ዊንፍሪ የቃጫ እርሻ ጀርባ በነበረች አንዲት የግንድ ጎጆ ውስጥ ሦስት ነፍሶች ይኖሩ ነበር፤ ኢሻም፣ ሚስቱ ፊሊስና ልጃቸው ቴምፒ። ይኖሩ ነበር እንበል እንጂ ሦስቱም የጌታው ንብረት ነበሩ። ኢሻም ፈረሶቹን ይነዳል፤ ፊሊስ በትልቁ ቤት ታበስላለች። የጌታው ሚስት አንድያ ልጇን አምብሮስን ወልዳ በሦስተኛው ቀን ስትሞት ያጠባችው ፊሊስ ነበረች። ያን ጊዜ የራሷ የበኩር ልጅ ገና ጡት አልጣለም። ሁለቱን የሚያጠግብ ወተት ግን ከየት ይምጣ? ቅድሚያው ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። በኩሯ ብርዱ ሳያልፍ ሞተ... እሷም እንባዋን እየዋጠች የጌታዋን ልጅ አሳደገች፤ ደግሞም ወደደችው!

አምብሮስ ባርነት በሌለበት በሰሜን ተምሮ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። በዚያ ዘመን አገሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ከወንዙ ማዶ ባለው በአዲሱ የካንሳስ ምድር ባሪያ ይያዝ ወይስ አይያዝ? ይህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያኖችን ከፈለ፣ ወንድማማቾችን አኳረፈ፣ በመጨረሻም የዊንፍሪን ቤት በር አንኳኳ።

«አባባ፣ ሰው እንዴት ይሸጣል?» አለ አምብሮስ አንድ እሑድ ምሳ ላይ።

«የበላኸውስ፣ የተማርክበትስ በምን ይመስልሃል? በእነሱ ላብ ነው!»

«እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።»

«እንግዲያው ከሚያሳፍርህ ቤት ውጣ!»

ወጣ። ወንዙን ተሻግሮ ባርነትን ከሚጠሉት ሰፋሪዎች ጋር ጎጆ ቀለሰ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በሺህ ስምንት መቶ አምሳ አምስት መጋቢት ላይ የካንሳስ ሰዎች ድምፅ የሚሰጡበት ቀን ደረሰ። ሚዙሪዎችም በማይኖሩበት ምድር ሊመርጡ በመቶዎች ሆነው ተሻገሩ። ጌታው ዊንፍሪ ጋሪውን ለዚሁ ሰጠ፤ ነጂው ደግሞ ኢሻም ነው። ይህ ምን ዓይነት ፌዝ ነው? ባርነት ይስፋ ብለው የሚመርጡትን ሰዎች ጭኖ የሚያደርስ ባሪያ! ስምንት ሰዎች የባርነት ደጋፊ መሆናቸው እንዲታወቅ በኮታቸው ደረት ላይ ቃጫ ሰክተው፣ ጠመንጃና ውስኪ ይዘው ተሳፈሩ።

«ኢሻም፣ አንተስ ማንን ነው የምትመርጠው?» አለ አንዱ። ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ።

«እኔማ ፈረሶቹን ነው ጌቶች፤ ውስኪ አይቀምሱም።»

የምርጫው ቤት ደጃፍ ላይ አምብሮስ ቆሞ ነበር። ኢሻምን ሲያይ ሮጦ ልጓሙን ያዘ።

«ውረድ ኢሻም! አትመለስ፤ ጓደኞቼ ይደብቁሃል!»

«ዝግ በል ልጄ» አለ ኢሻም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ፊሊስና ቴምፒ ማዶ ናቸው።»

«ውረድ እልሃለሁ! አንተም እንደኛ ሰው ነህ!»

አምብሮስ እውነት የያዘ ሰው መጮኽ አለበት ብሎ የሚያምን ወጣት ነበር። ስምንቱም ሰሙት። ኢሻም ያን ቀን ዘሎ ቢወርድ ኖሮ... ግን አልወረደም። ፈረሶቹን አዙሮ ስምንቱን ሰካራሞች አንድም ሳይጎድል ወደ ሚዙሪ መለሳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጌታው አስጠራው። አጠገቡ ኢሻም የማያውቀው አንድ የባሪያ ነጋዴ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ተመልሼ መጣሁ እኮ!» አለ ኢሻም ነገሩ ገብቶት።

«እሱማ መጣህ። በሚቀጥለው ግን ሚስትህንና ልጅህን ጭነህ ነው የምትሄደው።»

ፊሊስ የጌታው እግር ላይ ወደቀች፤ እሱ ግን ፊቱን አዞረ። ኢሻም እጁን ታስሮ ወደ ደቡብ በሚወርደው የእንፋሎት መርከብ ሲጫን ቴምፒ ልታቅፈው ሮጠች፤ ነጋዴው ገፈተራት። አባት በዚያች ቅጽበት ለልጁ ምን ይበል?

«ቴምፒ፣ ግራጫው ፈረስ እግሩን አሞታል... ለብ ባለ ውሃ እጠቢለት» አለ።

መከራ ግን በዚህ መች በቃው! በዓመቱ ሚዙሪዎች መሣሪያ ይዘው ተሻገሩ፤ የሰፋሪዎቹን መንደር አቃጠሉ። ጌታው ዊንፍሪ አልሄደም፤ ፈረሶቹን ግን አውሶ ነበር። አምብሮስ ጎጆው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሬሳው ወደ አባቱ ቤት ሲመጣ እንድታጥበው የተጠራችው ፊሊስ ነበረች።

«ልጄን ገደሉት እኮ ፊሊስ!» አለ ጌታው በሩን ተደግፎ እያለቀሰ።

«በማን ፈረስ ሄደው ጌታዬ?» አለች ቀና ሳትል።

ሊመታት እጁን አነሣ። ሳይመታት መልሶ አወረደው።

«እኔ በዚህ ልጅ ሁለት ሰው አጥቻለሁ» አለች ፊሊስ። «በኩሬን በወተቴ፣ ባሌን በአንደበቱ። ምነው ያን ቀን ዝም ባልክ አምብሮስ! ይኸው ደግሞ አለቅስልሃለሁ... ልቤን ምን ላድርገው?»

በዚያ ወንዝ ዳር የተለኮሰው እሳት ከአምስት ዓመት በኋላ አገሩን በሙሉ በላው። ሰሜንና ደቡብ አራት ዓመት ተራረዱ። ባርነት ሲሻር ፊሊስና ቴምፒ ከጌታው ቤት ወጥተው በእግር፣ በጋሪ፣ በመርከብ ኢሻም ወደተወሰደበት ደቡብ፣ ወደ ሉዊዚያና ወረዱ። ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ኢሻምን ጠየቁ። በስምንተኛው ወር ሱኪ የምትባል የሸንኮራ ቆራጭ አገኙ።

«ፈረሰኛው ኢሻም? ሞተ እኮ እህቴ፤ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል በንዳድ ሞተ» አለች። «ደግነቱ ሳያዝን ነው የሄደ። ሚስቱንና ልጁን የጌታው ልጅ ወደ ነጻ አገር አሻግሯቸው ነበር። ሁልጊዜ ይህንን እያወራ ይስቅ ነበር። እናንተ ምኑ ናችሁ?»

ቴምፒ አፏን ከፈተች። ፊሊስ ክንዷን ጨምቃ ያዘቻት።

«ያሻገረን እኛን ነው» አለች።

መቃብሩን የት ብለው ይፈልጉት? ባሪያዎች የተቀበሩበት መሬት ታርሶ ሸንኮራ በቅሎበታል። እናትና ልጅ በእርሻው ጠርዝ ተቀምጠው አለቀሱ። ሰዎች ይህን ሁሉ ዕጣ ይሉታል። ዕጣ ጋሪ ያውሳልን? ዕጣ በኮቱ ላይ ቃጫ ይሰካልን? እያንዳንዱን ነገር ያደረገው ስም ያለው ሰው ነው፤ ብዙዎቹም አርጅተው፣ በልጅ ልጅ ተከበው፣ በአልጋቸው ላይ ሞቱ።