አጥቢያ ኮከብ ያልወጣችበት ንጋት

የአስጋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ዘካሪያስ ማለዳ ላይ በአባያ ሐይቅ ዳርቻ፣ በገዛ ጀልባው ውስጥ በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ኖላዊት ከሴቻ ጣቢያ ስትደርስ አስጋሪው ዳልጮ በካቴና ታስሯል፤ እናቱ የሺመቤት ከአንድ ፖሊስ ጋር ተፋጣለች።

«ጣትዎን እዚህ ወረቀት ላይ ያሳርፉ፣ እናቴ። ልጅዎ ተቆጥቶ እንደወጣ ነው የሚለው።»

«አላሳርፍም! በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት ሳላነብ ልፈርም ነው? ተቆጥቶ አልወጣም፤ በልቶ ነው የወጣው!»

ኖላዊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ጥበቃ ወደ አጵሎስ ዞረች።

«ምን አየህ?»

«ከጥበቃ ቤቴ ሆኜ ሁሉን አየሁ። ገና አልነጋም፤ ግን አጥቢያ ኮከብ ከሐይቁ በላይ ቦግ ብላ ነበር። በእሷ ብርሃን ዳልጮ ዘካሪያስን በመቅዘፊያ ማጅራቱን ሲለው አየሁት።»

«ባትሪ አልያዝክም?»

«ድንጋዩ አልቆ ነበር።»

ከጥበቃ ቤቱ እስከ ጀልባው መቶ ሃያ እርምጃ ቆጠረች። ሬሳውን ስታገላብጥ ማጅራቱ ላይ ቁስል አገኘች። ቀትር ላይ ፖሊሶቹ ደም የነካው መቅዘፊያ ከደንገሉ ውስጥ አወጡ።

ትናንት ከሟቹ ጋር በተበላሸ ዓሣ የተጣላው ነጋዴ ሚፍታ አልተደናገጠም።

«ሱብሂ የሰገድኩት ገና ሳይነጋ ነው፤ መስጊድ ሙሉ ሰው ይመሰክራል።»

«ስትወጣ አጥቢያ ኮከብን አየሃት?»

ሚፍታ ሳቀ። «ከረመዳን ወዲህ ንጋት ላይ የለችም እኮ፣ እህቴ! አሁን የማያት ማታ መግሪብ ሰግጄ ስወጣ ነው፤ በተራራው በኩል።»

ሲመሽ ኖላዊት ሁሉንም ዳርቻው ላይ ሰበሰበች። ፀሐይ ከጨንቻ ተራሮች ጀርባ እንደገባች ጣቷን ቀሰረች።

«ያቻትላችሁ! አጥቢያ ማለት ሊነጋጋ ሲል ያለው ሰዓት ነው። አጵሎስ ስሟን አምኖ በየንጋቱ የምትወጣ መሰለው። ተኝቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ምን ያውቃል? እሷ ግን ፈረቃ አላት፤ ወራት በንጋት፣ ወራት በምሽት። በዚህ ሰሞን ምሽት ላይ በምዕራብ ናት፤ ዛሬ ንጋት በሐይቁ ላይ አልነበረችም። ጨረቃም አልነበረችም።»

«ሌላ ኮከብ ይሆናላ!» አለ አጵሎስ።

«የትኛውም ኮከብ በመቶ ሃያ እርምጃ ማጅራት አያሳይም። ቁስሉም መቅዘፊያውም የተገኙት አንተ ከተናገርክ በኋላ ነው። በጨለማ ካላየህ፣ እንዴት አወቅህ? መቅዘፊያውን የያዝከው አንተ ስለነበርክ ነው። ቀዳዳቸው ጠባብ በመሆኑ ተከልክለው የተወረሱት መረቦች መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው ከርመዋል፤ ቁልፉ ያንተ ነው። ዛሬ ስዳስሳቸው እርጥብ ናቸው። በድብቅ ስታሰግርባቸው ዘካሪያስ ደረሰብህ።»

አጵሎስ አንገቱን ደፋ። «እንዳያጋልጠኝ ልለምነው ነበር የሄድኩት... እምቢ አለኝ።»

ፖሊሱ የዳልጮን ክንድ ያዘ። «ጣቢያ ወስደን እንፈታዋለን፤ የሚፈረም ወረቀት አለው።»

የሺመቤት መንገዱን ዘጋች። «ወረቀታችሁ በኋላ ይድረስ! ልጄን በሰው ፊት አስራችሁታል፤ በሰው ፊት ፍቱት!»

ኖላዊት የካቴናውን ቁልፍ ከፖሊሱ ተቀብላ ለየሺመቤት ዘረጋችላት። «እርስዎ ይፍቱት፣ እናቴ።»

የሺመቤት ካቴናውን ከፈተች። የልጇን አንጓ እያሻሸች ወደተሰበሰበው ሰው ዞረች።

«አያችሁ? ሁላችሁም አያችሁ አይደል?»