ዶክተር ገባ፣ ዶክተር ወጣ

ጀዕፈር ያለ ማሽን ለመተንፈስ የቀረው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቱቦው ከጉሮሮው ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ዓርብ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ሞተ። ቱቦው እንደ ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ወጣለት፤ ያወጣው ግን የአስከሬን መርማሪው ነበር።

ኢንስፔክተር ዳምጠው ከእግርጌ ቆሞ ሟቹን ቁልቁል አየው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መንጌ ወረዳ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶ ደረቱን ቢጨፈልቀው አሶሳ አመጡት። አሥራ አንድ ቀን ከሞት ጋር ሲተናነቅ ቆየ፤ አፈሩ ያቃተውን ግን ሰው ጨረሰው።

«ታፍኖ ነው» አለ መርማሪው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ። «ቱቦው አልተደፈነም፤ ሳንባውም አገግሟል። አየር የከለከለው ሰው ነው።»

«በስህተት ይሆን?»

«እሱን አንተ ድረስበት።»

በር ላይ ኮንስታብል ጃለታ መዝገቡን አቅፎ ይጠብቅ ነበር። ጃለታ መዝገብ የሚዘጋበት ቀን ሠርጉ የሚመስለው ሰው ነው።

«ያለቀ ነገር ነው ጌታዬ። ዶክተር እዩኤል ነው፤ ሰኞ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«አመነ?»

«አላመነም። ግን የሟች እናት አይታለች።»

ዳምጠው የምስክርነት ቃሉን ተቀብሎ አነበበ። «ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም አንድ ወንድ ሐኪም ጭንብልና ቆብ አድርጎ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። የልጄን ማሽን ሲነካካ ቆይቶ ወጣ። ሌላ የገባ ሰው የለም።» ከሥሩ የእናቲቱ የብኸይታ አውራ ጣት አሻራ ተቀምጧል።

«እዚያ ክፍል የሚሠሩት ወንዶች ሦስት ብቻ ናቸው» ሲል ጃለታ ቀጠለ። «አሠልጣኙ ዶክተር ሰራዊት ሠላሳ ሰው ፊት ስብሰባ ይመራ ነበር። ነርሱ አብዱልረሂም ጁምዓ ሰላት ላይ ነበር፤ መስጊድ ሙሉ ሰው አይቶታል። የቀረው እዩኤል ነው። ቱቦውን በስህተት ከማሽኑ ነቅሎ፣ ደንግጦ ሊሸፍን ሞከረ።»

«ሴትዮዋ ከመንጌ የመጣች በርታ አይደለችም? እንዲህ ያለ አማርኛ ከየት አመጣች?»

«እኔ ነኝ አስተካክዬ የጻፍኩት» አለ ጃለታ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ዳምጠው አላመሰገነውም።

ሆስፒታሉ ባለ አምስት አልጋውን ክፍል ከከፈተ ገና ዓመቱ ነው። ሰራዊት ከአዲስ አበባ የመጣው ሁለት ወጣት ሐኪሞችን፣ እዩኤልንና መነንን፣ በጽኑ ሕክምና ሊያሠለጥን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከሁለቱ አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ ስፔሻሊስት ይሆናል፤ ለክልሉ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። በሥልጠናው ክፍል ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሁለት ስም ተጽፎበት፣ በየስሙ ሥር «የዳኑ» እና «የሞቱ» የሚሉ ዓምዶች ተሠምረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ዳምጠው ጠየቀ።

«ውጤት ነዋ» አለ ሰራዊት ሳያፍር። «በሽተኞቹን አከፋፈልኳቸው። ብዙ ያዳነ ይሄዳል።»

«እኩል ናቸው እኮ።»

«እስከ ትናንት። ጀዕፈር የእዩኤል ነበር። ዛሬ ከማሽን ቢወርድ ቦታው የእሱ ነበር። አሁን ሞት ተጨመረበት፤ ስለዚህ መነን ትሄዳለች። ደንብ ነው።»

«የሞተው ልጅ በደንቡ ውስጥ የት ጋ ነው ያለው?»

ሰራዊት «የሞቱ» ከሚለው ሥር አዲሱን ጭረት በጣቱ አሳየው። እየቀለደ አልነበረም። ዳምጠው ሃያ ዓመት ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ሲያይ ኖሮ እንደዚያች ቅጽበት እጁን የበላው ጊዜ አልነበረም።

አብዱልረሂም ባዶውን አልጋ ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ለሰላት ስወጣ ዶክተር እዩኤልን ቀሰቀስኩት» አለ። «ሠላሳ ሰዓት ሳይተኛ ነው የዋለው። እሺ ብሎኝ ተመልሶ እንቅልፍ ጣለው መሰለኝ። ማሽኑ ሲጮህ ነው ሮጦ የደረሰው።»

«ቱቦው ሲነቀል ማሽኑ አይጮህም?»

«ይጮሃል። ድምፁን ካጠፉት ግን ሁለት ደቂቃ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጮሃል። የተደረገውን ሁሉ ደግሞ ይመዘግባል።» ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገው። «ትናንት ሦስት ጊዜ ጠፍቷል።»

«ሦስት ጊዜ» አለ ዳምጠው። በልቡ ደቂቃዎቹን ደመራቸው።

መነን በሐኪሞች ማረፊያ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ጓደኛዋ ስለታሰረባት አልቅሳለች፤ ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

«ትናንት በሰባት ሰዓት የት ነበሩ ዶክተር?»

«ቤቴ፣ ምሳ ላይ። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ማን አይቶዎታል?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው።» መሐረቧን አጠፈች። «እዩኤልን አይፍረዱበት። ደክሞት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ እናቲቱ ናት። እጁን ስማ ግንባሯ ላይ ያደረገችለት ሰው ልጇን ይግደልባት? እንዴት ትችለዋለች?»

«እውነትዎን ነው» አለ ዳምጠው፤ ጻፈውም።

እዩኤል ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ስለ ራሱ አንድም ነገር ሳይጠይቅ «አልጋ አምስት ደህና ነች?» አለ።

«አላውቅም። የሟችን እናት ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም። ሲያስታምመው የቆየው አጎቱ ነው፤ እሷ የደረሰችው ሐሙስ ማታ ነው።»

«ከታሰርክ ወዲህ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ተነጋግረሃል?»

«ከልጁ ደረት ላይ ነው አንስተው ያመጡኝ» አለ እዩኤል። «አርባ ደቂቃ ስጫነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያናገረኝ ፖሊስ ብቻ ነው።» ቀና ብሎ አየው። «ተኝቼ ነበር ኢንስፔክተር። ልጁ እየታፈነ እኔ ተኝቼ ነበር። ብትፈርዱብኝም አልከፋም።»

«ይህን ደግሞ ፍርድ ቤት ውስጥ እንዳትለው» አለው ዳምጠው ተቆጥቶ።

ብኸይታ ከሬሳው ክፍል ጀርባ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ልጇን እንዲሰጧት ትጠብቃለች። ምን እንደተፈጠረ የነገራት የለም። የመንግሥት ሥራ ስለሆነ ሬሳ እንዲህ የሚዘገይ መስሏታል።

«መኪና ለምነን አገኘን» አለች ለዳምጠው። «ነዕማ አመጣ። ነዕማ ልጄ ነው። ትናንት መንጌ ነበረ፣ ሰማ፣ ጠዋት ደረሰ።»

ዳምጠው ዘወር ሲል አንዲት ወጣት ሴት የውሃ ጀሪካን አስቀምጣ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች። ለአፍታ ትክ ብሎ አያትና አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ትናንት ያየሽውን ለእኔም ንገሪኝ።»

«እኔ በመስታወት አየሁ። ዶክተር ገባ። ማሽን ጮኸ፣ ዝም አሰኘ። ደግሞ ጮኸ፣ ዝም አሰኘ። ደግሞ ጮኸ፣ ዝም አሰኘ። ልጄ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ጥሩ ነው፣ ነቃ አልኩ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ዶክተር ሲወጣ ‹አይዞሽ፣ አሁን ያርፋል› አለኝ። እኔ እጅ ሳምኩ፣ እዚህ አደረግኩ» ብላ ግንባሯን ነካች። «‹አላህ ይስጥህ› አልኩ።»

ዳምጠው ጠዋት የጻፈውን ገልጦ አየ።

«እጅ መሳምሽን ለፖሊሱ ነግረሽዋል?»

«አልጠየቀ።»

«ለሌላ ሰውስ? ያየሽ ሰው ነበር?»

«የለም። ሰው ሁሉ ጁምዓ ሄደ።»

«ፊቱ ተሸፍኖ ነበር። ድምፁን ብትሰሚ ታውቂያለሽ?»

«ወላሂ አውቃለሁ።»

በአሥር ሰዓት ሁሉም በሥልጠናው ክፍል ተሰበሰቡ። ሰራዊት እጁን አጣጥፎ ሰሌዳው ሥር ቆመ። አብዱልረሂም መስኮቱ አጠገብ፣ መነን ወንበር ላይ ናቸው። እዩኤልን ጃለታ በካቴና አምጥቶታል። ብኸይታና ነዕማ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ጃለታ እንደሚለው ስህተት ነው» ሲል ዳምጠው ጀመረ። «ሐኪሙ ቱቦውን ሳያስበው ነቀለ፤ ደነገጠ፤ ድምፁን አጠፋ። የደነገጠ ሰው ግን አንድ ጊዜ ያጠፋና ቱቦውን ይሰካል። ይህ ሦስት ጊዜ አጥፍቷል። ስድስት ደቂቃ ግድም ነው። ስድስት ደቂቃ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሞትን እየጠበቀ ነው።»

አብዱልረሂም አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ግድያ ነው። እዩኤል ለምን ይገድላል? ልጁ አንድ ሌሊት ቢያድርለት ስፔሻሊስት ሊሆን ነበር። በዚህ ሰሌዳ ላይ ጀዕፈር ሲሞት የሚያተርፍ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«ምስክሯ ያየችው ወንድ ነው!» አለች መነን።

«ወንድ ያለው ጃለታ ነው። እሷ ያለችው ‹ዶክተር ገባ፣ ዶክተር ወጣ› ነው። ጃለታ አማርኛዋን ሲያስተካክል ‹ወንድ› የምትል ቃል ከኪሱ ጨመረባት።»

«‹ገባ› ካለችማ ወንድ ነው» አለ ጃለታ። ጆሮው ቀልቷል።

«እኔ ያደግኩት ሠፈራ ጣቢያ ነው፤ ጎረቤቶቻችን በርታዎች ነበሩ። ‹እናትህ መጣ፣ እናትህ ጠራህ› ሲሉኝ ነው ያደግኩት። እናቴ አንድ ቀንም ወንድ ሆና አታውቅም።» ወደ ነዕማ ጠቆመ። «ዛሬ ጠዋት ይህችን ልጅ ‹ልጄ ነው፣ ጠዋት ደረሰ› ብላ ነው ያስተዋወቀችኝ። በእሷ አማርኛ የገባ ሁሉ ‹ገባ› ነው። አንተ ግን በዚያች አንዲት ቃል ሰው አሰርክ፤ ሌላዋንም ሐኪም የት ነበርሽ ብሎ የጠየቀ ጠፋ።»

ጃለታ መዝገቡን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«ዶክተር መነን፣ ዛሬ ጠዋት ‹እጁን ስማ ግንባሯ ላይ ያደረገችለት ሰው› አሉኝ። ይህ በቃሏ ውስጥ የለም። ለማንም አልተናገረችም። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። እዩኤልም ከተያዘ ወዲህ አላገኘዎትም። ያንን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሳመችውና የተሳመችው።»

«ቤተሰብ ሁሌ እጃችንን ይስማል! ገምቼ ነው የተናገርኩት!» መነን ብድግ አለች። «በዚህ ብቻ ነው ሰው የምትወነጅለው?»

ይህን ጊዜ ብኸይታ ያንን ድምፅ ለየችው። ብዙው ንግግር አልገባትም ነበር። ፊቷ በራ፤ ተነስታ ወደ መነን ሄደች።

«እሱ ነው!» አለች ለዳምጠው ዘወር ብላ። «ይሄ ነው፣ ጥሩ ዶክተር!»

እጇን ልትስም ጎንበስ አለች። መነን የተቃጠለች ይመስል እጇን ነጥቃ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ወንበሩ ወደቀ። ብኸይታ ምን አጠፋሁ እንደሚል ሰው ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

ከዚያ በኋላ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም።

«ቢድን ምን ይሆን ነበር?» አለች መነን። ልስላሴው ከድምፅዋ ተሟጧል። «ተመልሶ እዚያው ጉድጓድ ነው የሚገባው። በክረምት ሌላ አፈር ይደረመስበታል። እኔ ግን ተምሬ ስመለስ ሺህ ሰው አተርፍ ነበር። እዩኤል እኮ ተኝቶ ነበር! እኔ ተኝቼ አላውቅም!»

አብዱልረሂም ወደ እሷ ሊሄድ ሲል ራሱን ገታ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጃለታ ካቴናውን ከእዩኤል እጅ ፈትቶ በመነን እጅ ላይ አደረገው።

«እንግዲህ ቦታው ያንተ ነው» አለ ሰራዊት ለእዩኤል። «ሰነድህን ሰኞ አዘጋጅ።»

እዩኤል የተላላጠ አንጓውን እያሸ ወጣ፤ ወደ አልጋ አምስት ሲሮጥ የእግሩ ኮቴ ተሰማ።

«ዶክተር ሰራዊት» አለ ዳምጠው፤ «ለእርስዎ የምጠቅሰው አንቀጽ የለኝም። ቢኖረኝ ዛሬ እዚህ አያድሩም ነበር።»

ብኸይታ መሐል ወለሉ ላይ እንደቆመች ቀርታለች። መነንን በካቴና ሲወስዷት በዓይኗ ተከተለቻት።

«ምን አደረገ?»

ዳምጠው ቃል ፈለገ። ማጣመም ይቻል ነበር፤ አላጣመመም። በራሷ አማርኛ ነገራት። «እሱ ነው ልጅሽን የገደለው። አየር ከለከለ።»



«ለምን?»

«ለትምህርት። ልጅሽ ከሞተ ትምህርት ቦታ ያገኛል።»

«ምን ትምህርት?»

«ሊሞት የደረሰ ሰው ማዳን።»

ብኸይታ ግንባሯን ቋጠረች። ጥፋቱ የአማርኛዋ መሰላት። ወደ ነዕማ ዞራ በበርታ ጠየቀቻት። ነዕማ እያለቀሰች መለሰችላት። ብኸይታ ራሷን ነቀነቀች፤ አልገባትም፤ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ አለቻት። ነዕማም ቀስ ብላ፣ ያንኑ ደገመችላት።