ሁለት ሜትር ባሕር

«በይ እንጂ ትህትና፣ ምን አለ?» አለች ጓደኛዋ ሄርመላ።

ትህትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቅጂውን እንደገና ከፈተችው። ከትንሽ ሬዲዮ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ አንድ ሰውዬ እየተጣደፈ በፈረንሳይኛ የባሕሩን ሁኔታ ያነባል። የላከው የሄርመላ ወንድም ባንታምላክ ነው። ቱኒዚያ፣ ስፋክስ አጠገብ ባለ የወይራ እርሻ ውስጥ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ተደብቆ ጀልባ ይጠብቃል። ዛሬ ሲመሽ ሊሳፈሩ አስበዋል። ከቅጂው በታች እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ትህትና እህቴ፣ ባሕሩ እንዴት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፊልን። ጀልባውን የሚነዳው ጋናዊ ነው፣ ፈረንሳይኛ አያውቅም። የአገሩን ሰው እንዳንጠይቅ ለፖሊስ ይጠቁሙብናል።»

ችግሩ ትህትናም ፈረንሳይኛ አለማወቋ ነበር።

መምህሩ ኡስታዝ ኸይረዲን ጦርነቱ ከካርቱም አፈናቅሏቸው እነትህትና ወደሚኖሩባት የሱዳኗ ገዳሪፍ ሲገቡ፣ ከሰዓት በኋላ ፈረንሳይኛ ማስተማር ጀምረው ነበር። ትህትናም ገባች። ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የቀኖቹን ስም ተማረች። አንድ ቀን ጮክ ብላ ስታነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባትና በዚያው ቀረች። መቅረቷን ግን ለማንም አልተናገረችም። ሰፈሩ «ፈረንሳይዋ» እያለ ሲጠራት ደስ ይላት ስለነበር፣ ደብተሯን ይዛ ትወጣና ሱቅ ለሱቅ ዞራ ትመለሳለች። ውሸቱ እስከ ዛሬ ከብዷት አያውቅም፤ ገዳሪፍ ውስጥ መንገድ ላይ አስቁሞ ፈረንሳይኛ የሚያወራት ማን አለ?

አሁን ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የለየችው «ሁለት» እና «ሜትር» የሚሉትን ብቻ ነው።

ሁለት ሜትር። ይህንንስ ታውቀዋለች። ያደገችው እዚያው ሱዳን መፋዛ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ክረምት ሲገባ ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ «ወንዙ ስንት ሜትር ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። አምስት ከተባለ ማንም ድርሽ አይልም። ሁለት ከሆነ ግን ሰሊጥ አራሚዎቹ በርሜል አስረው እየተቀላለዱ ይሻገራሉ። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሄርመላም አላየችም።

«ሁለት ሜትር ነው፤ ጎድሏል» አለች።

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ባሕሩ ሁለት ሜትር ነው፣ ጥሩ ነው፣ መሄድ ትችላላችሁ። መሄድ ትችላላችሁ የሚለውን ሬዲዮው አላለም፤ ከራሷ ነው የጨመረችው።

የሄርመላ እናት እትዬ እናትነሽ ይህንን ሲሰሙ ብድግ ብለው እልል አሉ። «ሁለት ሜትር ብቻ! ይኸንንማ የመፋዛ ልጅ በዋናም ይወጣዋል!» ትህትናን ግንባሯን ሳሟትና ከሱቅ ተሕኒያ የሚባለውን ጣፋጭ አስመጥተው በእጃቸው አጎረሷት። «እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ፣ አንች ባትኖሪ ልጄን ለማን አደራ እሰጠው ነበር?»

አፈረች። ሰውዬው ያን ያህል ሲናገር፣ እሷ የያዘችው ሁለት ቃል ነው። ቀሪው ምን ይሆን? ቤት እደርሳለሁ ብላ ወጣችና ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ገሠገሠች።

ኡስታዝ ኸይረዲን ግቢው ውስጥ ወንበር እየጠገኑ ነበር። አባታቸው የወሎ ሰው ስለነበሩ አማርኛ ይችላሉ።

«ትህትና! አለሽ እንዴ? እኛ እኮ አገር ለቀሽ የሄድሽ መስሎን ነበር» አሉና ሳቁ።

ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ስልኩን ብቻ ዘረጋችላቸው። ሲያዳምጡ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

«ፖርት ሱዳን ወደብ ስሠራ እንዲህ ያለውን እተረጉም ነበር» አሉ። «የባሕር ቋንቋ በመዝገበ ቃላት አይሆንም። መርከበኞች የተስማሙበት ደረጃ አለ፤ ለእያንዳንዱ የፈረንሳይኛ ቃል የተመደበለት እንግሊዝኛ አለው። ይኼ ሰውዬ ሲመሽ ባሕሩ ‹ፎርት› ይሆናል ነው የሚለው። በእንግሊዝኛው ደረጃ ‹ራፍ› ይባላል። ኃይለኛ ባሕር ማለት ነው። አሁን ሁለት ሜትር፣ ሲመሽ ሦስት።»

«ሁለት ሜትር ጥልቀቱ አይደለም?»

ኡስታዝ አልሳቁባትም። ምነው በሳቁብኝ አለች በልቧ።

«ባሕር እኮ ወንዝ አይደለም፣ ልጄ። ሁለት ሜትር የማዕበሉ ቁመት ነው። ከእኔ በላይ የቆመ ውኃ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። ትንሽ ጀልባ ይኼን አይችለውም። ለማን ነው?»

«ለጓደኛዬ ወንድም» አለች ትህትና። እዚያው ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች። እውነቱን ልትጽፍ ነበር የተነሣችው። ጣቷ ግን ሌላ ጻፈ፦ «አዲስ ዜና ሰማሁ። ባሕሩ ተለውጧል፣ ራፍ ሆኗል። አትሂዱ።» እንዲህ ከሆነ እነሱም ይተርፋሉ፣ እሷም ፈረንሳይዋ እንደተባለች ትኖራለች።

የባንታምላክ የድምፅ መልእክት ወዲያው መጣ። «እህቴ፣ የምን አዲስ ዜና ነው? ሬዲዮው እኮ ከጠዋት ወዲህ ምንም አላለም። የመጀመሪያውን ጋናዊው አንብቦላቸው ሰው ሁሉ ጓዙን ሸክፏል። የአሁኑን እናቴ ፈርታ ያስጻፈችሽ ነው ይላሉ። የትኛውን ልመን?»

ትህትና ስልኩን ጨብጣ ሮጠች።

እትዬ እናትነሽ ደጃፍ ላይ ለጎረቤቶቻቸው ሁለት ሜትሩን እያወሩ ነበር። «ይቻትላችሁ መጣች!» አሉ ሲያዩዋት።

«እትዬ» አለች ትህትና እያለከለከች፣ «እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም።»

«ምን አልሽ?»

«ትምህርቱን ካቆምኩ ቆይቷል። ዋሽቼ ነው። ሁለት ሜትሩ ማዕበሉ ነው፤ ሲመሽ ሦስት ይሆናል። ቢወጡ ያልቃሉ።»

ሄርመላ የማታውቃት ሰው የመጣች ይመስል አየቻት። ትህትና ፊቷ ነደደ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። እትዬ እናትነሽ ግን አልጮኹም፣ እጃቸውንም አላነሡም።

«ክፈችው፣ ልናገር» አሉ ስልኩን እያሳዩ።

መጀመሪያ ትህትና ተናገረች፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ወንዙ፣ «አዲስ ዜና» ብላ ስለጻፈችውም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ቀጥለው እትዬ እናትነሽ፦ «እኔ ነኝ ልጄ። እኔ አላስጻፍኋትም። የአሁኑን እመን፣ እባክህ» አሉ።

ከዚያ የባንታምላክ ድምፅ ወጣ። «ኸላስ፣ በቃ፣ አሰማኋቸው። ጋናዊው ዛሬ አልነዳም ብሏል፤ አንወጣም።» እትዬ እናትነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ድምፁ ግን አላለቀም ነበር። «የነገውንስ ለማን ልላክ? እኛ ሌላ ሰው የለንም።»

ሁሉም ወደ ትህትና ዞሩ። ከእትዬ እናትነሽ በቀር። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ትህትና ጻፈች፤ ከመላኳ በፊትም ጮክ ብላ አነበበችው። «ለእኔው ላክ። እኔ ግን አልተረጉመውም። ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ኡስታዝ ኸይረዲን የሚባሉ አሉ፤ እሳቸው ጋ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ እትዬ እናትነሽ፣ አሁንም ሳያዩዋት። «በጆሮዬ እንድሰማው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለችና ላከችው።